ስምንት መቶ ሰማንያ ዙር

መጋቢት 24

አራት ስክሪን፣ ሁለት የቻርጅ መሰኪያ፣ አንድ ሽንት ቤት የገባ ስልክ። የመጨረሻውን በጓንት ነው የከፈትኩት። ባለቤቱ "ዝናብ መቶት ነው" ይለኛል። መርሳ ዝናብ ካየች ሦስት ሳምንት ሆኗት... እሺ፣ ዝናብ ይሁን።

መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ።

ከሰዓት ስገባ ጋሽ ሐሊም ወንበር ላይ ቆመዋል። በሰባ ሁለት ዓመታቸው! ከላይኛው መደርደሪያ ያንን የእንጨት ሬዲዮ ሊያወርዱ። ሮጬ ወንበሩን ያዝኩ። "ልጠራሽ ነበር" አሉ። ውሸት ነው፣ ሊጠሩኝ አልነበረም።

አምስት ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ሱቅ ግማሹን ተከራይቼ ስልክ ስጠግን ያ ሬዲዮ ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም። ሰው "ጋሽ አብዱልሐሊም፣ የዚያን ሬዲዮ አምፖሎች ሽጡልኝ" ሲላቸው "የሰው ነው" ነበር መልሳቸው። በጦርነቱ ጊዜ ሱቁ ሲዘረፍ መበየጃው ካውያ ሳይቀር ሄዶ እሱ ብቻ ነው የተረፈው። ማን ይፈልገዋል? ከዳቦ መጋገሪያ ይከብዳል።

ለምን አወረዱት ብዬ ጠየቅኩ። "ተራዬ ደርሷል" አሉኝ። ሐጅ። ስማቸው ወጥቷል፤ በሚያዝያ መጨረሻ ይበራሉ። እንኳን ደስ አለዎት አልኩ፣ እልልም ቃጣኝ። እሳቸው ግን አቧራውን እየጠረጉ ነበር... ሐጅና ሬዲዮ ምን አገናኘው?

መጋቢት 25

ከኋላ ተከፈተ። ስልክ ስከፍት ሁሉም ነገር ሙጫና ወረቀት ነው። ይህ ግን! ሽቦው ሁሉ በክር ታስሮ፣ ጥጉ ሁሉ በልክ ታጥፎ፣ የመስታወት አምፖሎቹ አቧራ ለብሰው እንኳ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የሠራው ሰው ማንም ከፍቶ እንደማያየው እያወቀ ነው እንዲህ ያሳመረው።

አንድ ጥግ ብቻ ጥቁር ነው። ትራንስፎርመሩ። የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለሌላው ሁሉ በየልኩ የሚያካፍለው እሱ ነው። ከሰል ሆኗል። ቴስተር አስገብቼ ብለካው ሙት።

"ምን አቃጠለው?" አልኳቸው። የኋላ ክዳኑን አንስተው መጥረግ ጀመሩ።

መጋቢት 27

ዛሬ ነገሩኝ። እንዳይረሳኝ ልጻፈው።

በ1974 ወልዲያ ነበር ሱቃቸው። ማሩ የሚባል ሰው ከሚስቱ ጋር እዚያው ሻይ ቤት ነበረው፤ በዚህ ሬዲዮ ምክንያት ሰው ቆሞ ሳይቀር ሻይ የሚጠጣበት ቤት። አንድ ቀን ድምፁ ደከመብኝ ብሎ ይዞት መጣ። ጋሽ ሐሊም ከፈቱት። ከኋላው 110 እና 220 ቮልት የሚመርጥ ቁልፍ አለ። ሊያጸዱት ወደ 110 አዞሩት። ሳይመልሱት ወደ 220 ሶኬት ሰኩት። ጭስ። አለቀ።

ማሩ ማታ ሲመጣ ምን አሉት? "ውሃ ገብቶበታል።"

ይህን ቃል እኔ በወር ስንቴ ነው የምለው? ዛሬ አልቆጥርም።

ማሩ ተናዶ "እንግዲያው ጣለው" ብሎ ትቶላቸው ሄደ። ሻይ ቤቱ ብዙም አልቆየም። ባልና ሚስቱ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ግራና ገቡ። ጋሽ ሐሊምም ከጊዜ በኋላ መርሳ መጡ፤ ግራና ከዚህ ምን ያህል ነው? ግን አንድም ቀን ግራና ገበያ ሄደው አያውቁም። ማሩ ሞተ ሲባል ለቅሶ እንኳ አልደረሱም። በምን ዓይኔ፣ አሉ። "ውሸቱ ባረጀ ቁጥር እያፈርኩበት መጣሁ።"

ሳቄ ሊመጣ ነበር። አርባ ሦስት ዓመት! ለአንድ ሬዲዮ! ፊታቸውን ሳየው ዋጥኩት።

"የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል" አሉኝ። "የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለ አላህም አያልፈው። ይህን ተሸክሜ ካዕባ ፊት ልቆም ነው?"

ሐጅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ዞሮ አፉ በሉኝ ማለት አለበት። ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የተቀየመውን ሁሉ። እሳቸው መርሳን ጨርሰዋል። የቀረችው የማሩ ሚስት ናት፣ ውባለም። እና ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፤ ሬዲዮው መናገር አለበት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንቺም አፉ በይኝ" አሉ። ምን አድርገውኝ? አምና ካውያዬን ሳይነግሩኝ ተውሰው ጫፉን ያበላሹት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ የሸጠልኝን ሰውዬ ዓመት ሙሉ ስረግመው...

አፉ ብያለሁ አልኩ። ሰውዬውን ግን እንዴት ላድርገው?

መጋቢት 29

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። እኔ ነኝ።

ሁለት ቀን የደረቀውን ኮንደንሰር፣ መብራት የሚያጠራቅመውን ትንንሽ ቆርቆሮ ሁሉ፣ ቀየርን። ጋሽ ሐሊም አዲሶቹን ባሮጌዎቹ ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚያስገቧቸው፣ መልኩ እንዳይለወጥ። ለአንዷ አንድ ሰዓት! ትራንስፎርመሩን ደግሞ ፈትቼ እንደገና እጠመጥመዋለሁ ሲሉ አላስቻለኝም። ወልዲያ ያለች ጓደኛዬን ደውዬ መዳፍ የማታክል ዘመናዊ ቦርድ በሚኒባስ አስላክሁ። ያንን ሁሉ ብረት የምትተካ። ለዙህር ሶላት መስጊድ ሲሄዱ በሃያ ደቂቃ ገጠምኩት።

በራ! አምፖሎቹ ቀልተው ሞቁ። ድምፅም መጣ... ዝዝዝዝ። በየጣቢያው ዝዝዝዝ። ሰው ይናገራል፣ ግን ከቀፎ ውስጥ።

በር ላይ ቆመው ሰሙት። አልተቆጡም። "ሃና፣ እኔ ራዲዮን ነው ያቃጠልኩባት። ንብ ይዤላት ልሂድ?" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ቀስ ብለው፣ "ይህም ውሃ ገብቶበታል እንደማለት ነው።"

ቦርዱን ነቀልኩት። መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ ላየው አልፈልግም።

ሚያዝያ 1

መፍታት ጀመርን። የተቃጠለውን ሽቦ ዙር በዙር እየቆጠሩ ፈቱት፣ ስንት እንደነበር ለማወቅ። አንዳንዱ ቦታ ተጣብቋል፤ በጥፍራቸው ነው የሚያላቅቁት። ስምንት መቶ ሰማንያ። ሲጨርሱ ወረቀት ላይ እንኳ አልጻፉትም።

ከዚያ ውፍረቱን ለኩ። እኔ በዲጂታል መለኪያዬ ልለካልዎ ስል ደህናውን ጫፍ እርሳስ ላይ አሥር ጊዜ አጠጋግተው ጠመጠሙ፣ በማስመሪያ ለኩ፣ ለአሥር አካፈሉ። በኋላ ተደብቄ በእኔው ለካሁት። አንድ ነው። አልነገርኳቸውም... መንገር ነበረብኝ።

ሽቦው ወልዲያ ሞተር ከሚጠመጥሙ ሰዎች ነገ ይመጣል።

ሚያዝያ 3

መጠምጠሚያቸው ከድሮ የእጅ ስፌት መኪና የተሠራ ነው። እጀታውን እኔ አዞራለሁ። እሳቸው በቀኝ እጃቸው ሽቦውን ይመራሉ፣ በግራቸው ሙስበሃ፣ መቁጠሪያቸውን፣ ይዘዋል። በአንድ ዙር አንድ ፍሬ። ፍሬው ዘጠና ዘጠኝ ነው፤ ስምንት ጊዜ ዞሮ ሰማንያ ስምንት ይጨመርበታል። ለካ ወረቀት ያላስፈለጋቸው ለዚህ ነው።

ከስድስት መቶ እንዳለፍን ሰለቸኝ። "ሻይ ልዘዝ እንዴ?" አልኩ፣ እያዞርኩ። ቀና አሉ። ቆሙ።

"አንዱ አለፈኝ፣ የትኛው እንደሆነ እንጃ" አሉ።

ጨምሩበት እንጂ፣ አንድ ዙር ምን ያመጣል አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ በስምንት መቶ ውስጥ አንድ ዙር መብራቱም አያውቀው። "ለመብራቱ ምንም" አሉና ስድስት መቶውን ሁሉ መልሰው ይፈቱ ጀመር። እኔ ብሆን እጀታውን ነቅዬ እወረውረው ነበር። እሳቸው እኔን አንዴ እንኳ ገልመጥ አላደረጉኝም።

ያን ጊዜ ነው ከንፈራቸውን ልብ ያልኩት። ቁጥር አይደለም የሚሉት። በእያንዳንዱ ዙር "አስተግፊሩላህ" ነው። ጌታዬ ማረኝ። ያቺ ያመለጠችው ዙር ያለዚያ ቃል ነው የዞረችው፤ እንዲህ ሆና ሬዲዮው ውስጥ እንድትቀመጥ አልፈለጉም።

እንደገና ጀመርን። አፌን ዘጋሁ። ስምንት መቶ ሰማንያ ጊዜ እያዞርኩ ስምንት መቶ ሰማንያ ጊዜ ሰማኋቸው። ክንዴ ዛለ። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ አምስት ዓመት ተቀምጬ ያየሁት ነገር ምንድነው? ስክሪን።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሱቅ። የዘንባባ ቀለበቴ ጣቴ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰካ በመሃል የድሮ አምፖል ይገባል። አምፖሉ ቦግ ካለ ውስጡ የተነካካ ነገር አለ፤ ደብዘዝ ካለ ደህና ነው። ችግሩ የድሮ አምፖል ከየት ይመጣል? አሁን ያለው ሁሉ ነጭ፣ ቆጣቢ የሚሉት፣ ለዚህ የማይሆን። ሦስት ሱቅ ዞርኩ። በመጨረሻ በእናቷ ጓሮ ጫጩት የምታሳድግ ጎረቤታችን ናጅዋ ትዝ አለችኝ። ጫጩቶቿን የምታሞቅበትን ነቀለችልኝ። "ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ ይበርዳቸዋል" አለች፣ ጫጩቶቹን ቆጥራ።

ጋሽ ሐሊም ቁልፉን ሦስት ጊዜ አዩት። 220። እኔንም አሳዩኝ። እንደገና አዩት። ቢስሚላህ ብለው ሰኩት።

አምፖሉ ቦግ... ከዚያ ደበዘዘ። ደብዘዝ እንዳለ ቀረ። አምፖሉን አውጥተን በቀጥታ ሰካነው። መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ የሰው ድምፅ፤ ጥርት ያለ፣ ወፍራም፣ አጠገባችን የተቀመጠ የሚመስል። ዝዝዝ የለም።

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ተቀመጡ። እኔ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

የናጅዋን አምፖል መለስኩ። ሁሉም ጫጩቶች ደህና ናቸው።

ሚያዝያ 6

ግራና ሄድን። ምነው ባልሄድን።

ሬዲዮውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ታቅፌው ነበር። ቤቱን ሰው አሳየን። እማማ ውባለም በር ላይ ቆመው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከስግደት የተነሱ። እኛን ሳያዩ ሬዲዮውን አዩት። ከብርድ ልብሱ የወጣው ጥጉ ብቻ ነው፣ ግን አወቁት።

ጋሽ ሐሊም ቁጭ እንኳ አላሉም። ቆመው በአንድ ትንፋሽ ነገሯቸው። ቁልፉን፣ ጭሱን፣ ውሸቱን። "አፉ በሉኝ እቴ" ብለው ጎንበስ አሉ።

እማማ ውባለም ዓይናቸውን ከሬዲዮው አንስተው እሳቸውን አዩ።  ከዚያ የተናገሩት ስለ ሬዲዮ አይደለም።

ማሩ የዚያን ማታ ወደ ቤት ሲመለስ "ውሃ ገብቶበታል" የተባለውን ይዞ ነው የተመለሰው። ሬዲዮውን በየጠዋቱ በጨርቅ የምታብሰው ማናት? እሳቸው። ጨርቁ ደረቅ ነው ብለው ማሉ። ማን ይሰማቸዋል፤ ባለሙያ ተናግሯል። ሻይ ቤቱ ሲዘጋም በእሳቸው እጅ ተላከከ። ባላቸው ሞቶም ነገሩ አልሞተም፤ ልጆቹ ወረሱት፣ እንደ ቀልድ። "የእማዬ እጅ ውሃ ነው።" ቴሌቪዥን ሲገባ እንዳትነኪው። ስልክ ሲገዛላቸው እኛ እንደውልልሻለን። የመብራት ማብሪያ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚጫንላቸው። አርባ ሦስት ዓመት!

ጋሽ ሐሊም ግድግዳውን ያዙ። ይህን አያውቁም ነበር። ከየት ያውቁታል?

"አፉ በሉኝ" አሉ እንደገና።

"አንቱ፣ ሰሞኑ ሕማማት ነው" አሉ እማማ ውባለም። "በሕማማት ቄሱም አይፈቱ። እኔ ከቄስ አልበልጥ። ደግሞስ ለኔ ምን ይነገረኛል? እኔማ እንዳላረጠብኩት አውቃለሁ። የፋሲካ ማግስት ልጆቼ ይሰበሰባሉ፤ ለነሱ ይንገሩ። ራዲዮኑንም ይዘውት ይመለሱ፣ አሁን አልቀበለውም።"

ሕማማት! እኔ ክርስቲያኗ፣ የምጾመው፣ የምሰግደው፣ በሕማማት መሳሳም እንኳ እንደሌለ የማውቀው... ሽማግሌውን ይቅርታ ሊጠይቁ ይዤ የምሄደው በዚህ ሳምንት ነው? ትናንት የዘንባባ ቀለበት አድርጌ! ሽቦ ስንቆጥር ቀኑ ጠፋብኝ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሬዲዮውን እሳቸው ታቀፉት። መርሳ ልንገባ ስንል "ሃና፣ ራዲዮን ብቻ ያቃጠልኩ መስሎኝ ነበር" አሉ።

ሚያዝያ 9

አይበሉም። ሬዲዮውን ከፍተው ይዘጉታል። ዛሬ ያንን ቁልፍ ጨርሰው አወጡትና ሽቦውን 220 ላይ በሊድ በየዱት። ከእንግዲህ ማንም አይሳሳትበትም።

ሽማግሌ ልላክባቸው ወይ አልኩ፤ የሚያለዝቡልኝ ሰዎች አሉ። "ሽማግሌው አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ሚያዝያ 20 ለጉዞው አዲስ አበባ መሆን አለባቸው። መንገዱ ደግሞ ሰሞኑን ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ ነው ይባላል። ፋሲካ ማግስት መኪና ባይኖርስ? ልጆቹ ባይመጡስ? ሴትየዋ እንቢ ቢሉስ? እንቢ ካሉ ሐጁ ይቀራል። አላሉኝም፣ ግን ዓይቼዋለሁ፤ ሻንጣቸውን አልጀመሩም።

እኔ ብሆንስ አፉ እል ነበር? አርባ ሦስት ዓመት... እንጃ።

ሚያዝያ 13

ሁሉንም ልጻፍ። እጄ ግን ስብ ስብ ይላል።

መንገድ ክፍት ነበር። ግራና ስንደርስ ከቤቱ ጓሮ ሰው በግ ሲገፍ አየሁ። ኮፍያ ያደረገ። ኡበይደላ የሚባል ጎረቤታቸው ነው። ጎኑ አዲስ ድስት ተቀምጧል። ለማን ነው አልኩት። "እማማ ውባለም ለእስላም እንግዳዬ ባርከህ እረድልኝ ብለውኝ ነው" አለኝ። በጠዋት ነው የጠሩት። ገና ጋሽ ሐሊም አፋቸውን ሳይከፍቱ!

እኔ ገባኝ። ጋሽ ሐሊም አላዩም፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። ልንገራቸው አሰብኩ፣ ተውኩት። የእኔ አይደለም።

ቤቱ ሞልቷል። ልጆች፣ ምራቶች፣ የልጅ ልጆች፣ ወደ ሃያ ሰው። ትልቁ ልጃቸው ዓለምነህ ሐራ ላይ እህል የሚነግድ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ድምፀ ትልቅ ሰው ነው። ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ "እማዬ፣ ራቅ በይ እንግዲህ" አለ። ሁሉም ሳቀ። እማማ ውባለም አልሳቁም።

ጋሽ ሐሊም ተነሱ።  እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለራሱ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። አላሳጠሩትም፣ አላሳመሩትም፣ "ወጣት ነበርኩ" አላሉም። "እናንተ እናታችሁን የምትሉበት ነገር የእኔ ነው። ሠርቼው ነው፣ ዋሽቼ ነው፣ ትቼው ነው የሄድኩት" አሉ።

 ዓለምነህ "ውሃ የሚባል አልነበረም?" አለ።

"አንድ ጠብታ አልነበረም።"

ተነስቶ ወጣ። በመስኮት አየሁት፣ በጓሮው አጥር ላይ ተደግፎ። ሻይ ቤቱ ሲዘጋ ሰባት ዓመቱ ነበር አለችኝ እህቱ በጆሮዬ፤ ቀልዱን የጀመረው እሱ ነው። አንድ አጎታቸው "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ።

እማማ ውባለም ከመቀመጫቸው ተነስተው ጋሽ ሐሊም ፊት ቆሙ። ቁመታቸው እኩል ነው።

"አብዱልሐሊም፣ ለራዲዮኑም አፉ ብያለሁ፣ ለውሃውም አፉ ብያለሁ። ሂድ፣ አላህም አፉ ይበልህ። እዚያ ስትደርስ ለማሩም ዱዓ አድርግለት፣ እሱም አላመነኝምና።"

ጋሽ ሐሊም አለቀሱ። እንደ ሕፃን። እኔም፣ ኡበይደላም፣ በእጁ ቢላዋ እንደያዘ።

ከዚያ ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል፣ ሬዲዮውን እንድከፍት። እኔ ደግሞ እማማ ውባለምን አየሁ። እጃቸውን ዘረጉ፣ መለሱ፣ እንደገና ዘረጉ። የማብሪያውን ቁልፍ አዞሩት። አምፖሎቹ እስኪሞቁ ያለችው ያቺ ግማሽ ደቂቃ! ከዚያ አንድ ሰውዬ ስለ ስንዴ ዋግ እያስረዳ መጣ። የትኛው መድኃኒት በሄክታር ስንት ሊትር እንደሚረጭ። ቤቱ ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ እስኪጨርስ አዳመጠው።

ሥጋው በሁለት ወገን ቀረበ፣ የእኛም የእነሱም። ጋሽ ሐሊም ከሳምንት በኋላ ዛሬ በሉ።

ሚያዝያ 15

ለመምህር መልካሙ ደወልኩ። የካቲት ላይ ውሃ ገብቶበታል ያልኳቸውን ስልክ ውሃ እንዳልነካው፣ የውስጡን ገመድ የበጠስኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ዘጉብኝ።

ሚያዝያ 16

መምህር መልካሙ መልሰው ደወሉ። ሌላ የተበላሸ ስልክ አላቸው፣ ይዘው ሊመጡ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?

ሚያዝያ 19

ሄዱ። መናኸሪያው ሰው በሰው ነበር። አፉ በሉኝ ሲሉ፣ አፉ ብለናል ሲባሉ፣ ነጭ ለብሰው፣ በሰዉ መሃል አንሰው ታዩኝ። የሱቁን ቁልፍ ሰጡኝ። የስፌት መኪናውንም እጀታ ሰጡኝ። ምን ላደርገው ስል "አብሽሪ፣ የሚቃጠል አይጠፋም" አሉ።

ደስ የሚል ሰው ብዙ አውቃለሁ። ጎበዝ ሰውም አውቃለሁ። እንደሱ ሆኜ ልሙት የምለው ሰው ግን አንድ ነው፣ እሱም ዛሬ በሚኒባስ ሄደ። አልነገርኳቸውም። እዚህ ጻፍኩት።

ግንቦት 26

የገበያ ቀን። ስልክ አምስት፣ ታብሌት አንድ። ጋሽ ሐሊም ትናንት ከመካ ደውለው ነበር። ሙቀቱ ይጋግራል፣ ሰዉ አይቆጠርም፣ ለማሩ ዱዓ አድርጌያለሁ በያት አሉ። ለእማማ ውባለም እንዴት እንደማደርስ ሳስብ...

ከቀትር በፊት በሩ ላይ ጥላ ቆመ። እሳቸው ናቸው። ብቻቸውን። ሬዲዮው በጋቢ ተጠቅልሎ በጀርባቸው።

ደነገጥኩ። ትራንስፎርመሩ ይሆን? ያ ሁሉ ዙር? ሮጬ ተቀበልኳቸው። ምን ነካው አልኩ።

"እኔ ነኝ የጣልኩት" አሉ።

እንዲህ ሲሉ ፊታቸው በርቷል! ወደ በረንዳ ላወጣው ብድግ ሳደርገው ከእጄ አመለጠኝ፣ ማንም አልነካውም፣ እኔው ነኝ አሉ። በየቀኑ ይከፍቱታል ለካ። ጣቢያ መለዋወጥ ተምረዋል፤ የዋጉ ሰውዬ የሚመጣበትን ሰዓት ያውቁታል። ስልካቸውንም አወጡና አሳዩኝ፤ ራሳቸው ይደውላሉ።

ለማሩ የተደረገውን ዱዓ ነገርኳቸው። "አሜን" አሉ።

ሬዲዮውን ከፈትኩት። ትራንስፎርመሩ እንደተቀመጠ ነው፤ አንዱ አምፖል ከሥሩ ወልቆ፣ የድምፅ ማጉያው ሽቦ ተበጥሷል። የግማሽ ሰዓት ሥራ። እየበየድኩ ልጆቹስ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩ፣ ፈራ ተባ እያልኩ።

"ዓለምነህ ነበረ" አሉ። "ከሐራ መጥቶ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ዷ ሲል ተነሳ። እኔም እንግዲህ የድሮውን ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩት።"

"እሺ?"

"'እማዬ፣ እጅሽን ጎዳሽ?' አለኝ።"

ካውያውን አስቀመጥኩ። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ጣታቸው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብልዝ አለች፣ የምስር ፍሬ የምታክል። እጄን ይዞ ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው አሉ፤ በውሃ አጠበልኝ፣ በጨርቅ አሰረልኝ። ጨርቁን መንገድ ላይ ፈትተውታል። ከመናኸሪያ እስከ ሱቄ ድረስ ያቺን ሰማያዊ ለስንት ሰው እንዳሳዩ እንጃ።